ራስ የሌለው ማመልከቻ

እያንዳንዱ ትልቅ ፈጠራ አንድ ፈጣሪ አለው ይባላል። የለውም። እኔ ራሴ መቱ ውስጥ መምህር ሆኜ እንዳለው አድርጌ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የክፍሌ ግድግዳ ላይ በግራ በኩል ዕቃው፣ በቀኝ በኩል የሰውየው ስም የተጻፈበት ትልቅ ሰንጠረዥ ሰቅዬ ነበር፤ ስልክ፣ አምፖል፣ የማተሚያ መኪና። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ከመጻሕፍት አንብቤ አውቅ ነበር። የገባኝ ግን በጃንሆይ ዘመን፣ ቀድሞ የቡና መጋዘን በነበረ እስር ቤት ውስጥ ነው።

የያዙኝ ጠዋት፣ እያስተማርኩ ሳለ ነው። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመው ጠመኔውን እስካስቀምጥ ጠበቁኝ። ጨዋዎች ነበሩ። አንደኛው ሰንጠረዡን አውልቆ ጠቀለለና በብብቱ ያዘው፤ ለምን እንደፈለገው አልገባኝም።

የታሰርኩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በቀረች ክፍተት ነው። ወለሉ ላይ የድሮ የቡና ገለፈት አለ፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሣ ወሬ ይቋረጣል፤ ዝናቡ ደግሞ በየሰዓቱ ይመጣል።

ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያስላሉ። አወቅኋቸው፤ ከያዮ የመጡ ንብ አርቢ ናቸው።

"ያ ባርሲሳ!" አሉኝ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው። "አንተንም አመጡህ? የተማረ ሰው አይታሰርም ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"የሚታሰረውማ የተማረው ነው፣ ጋሼ። ያልተማረው መች ይጽፋል?"

"እኔ ታዲያ ምን ጻፍኩ?"

"እርስዎ የባሰ ነገር ነው የሠሩት።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ።

የሠሩት ይህ ነው። የያዮ ሰዎች ቡና የሚለቅሙበትንና ቀፎ የሚሰቅሉበትን ጫካ አንድ ባለሥልጣን በስሙ አዞረው። አሥራ አንድ ሰዎች ለጃንሆይ አቤት ለማለት ፈልገው እኔን ጻፍልን አሉኝ። ጻፍኩ፤ ከሥሩም ለመፈረሚያ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ተራ ቁጥር ደረደርኩ። የማኅተም ቀለሙ ተከፈተ። ማንም አልቀረበም። ባለፈው ዓመት ከሌላ መንደር በሄደ ማመልከቻ ላይ አንደኛ ቁጥር ላይ የፈረመው ሰው መሪ ነህ ተብሎ አዲስ አበባ ተወስዶ እንዳልተመለሰ ሁሉም ያውቃል።

"እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ ታላቅ ነዎት።"

"ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?"

"ግድ የለም፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ።"

ፍርሃት ሰውን እንዲህ ጨዋ ሲያደርግ ከዚያ በፊት አላየሁም። እንዲህ ስንግደረደር ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ ንብ አርቢው ተነሡ።

"ሌላ ወረቀት አምጣ። ጽሑፉን መሐል ላይ አድርገው፤ ዳር ዳሩን ለእኛ ተውልን" አሉኝ። "ቀፎ ስንሠራ የምናስርበትን ሐረግ ጫፉን ወደ ውስጥ እንደብቃለን። ጦጣ ጫፉን ካገኘች ሁሉንም ትፈታዋለች።"

አሥራ አንዱ ወረቀቱን ከበው ተንበረከኩና አውራ ጣታቸውን በአንድ ጊዜ አሳረፉ። ግንባር ከግንባር ተጋጨ፤ የአንዱ ጆሮ በቀለም ተነከረ። እኔ በየጣቱ አጠገብ ስማቸውን ዙሪያውን ጻፍኩ። ማን እንደጀመረ ማንም ሊያውቅ የማይችልበት ወረቀት ሆነ። አሥራ አንዱንም ያዟቸው፤ የእጅ ጽሑፌን የሚያውቅ ሰው ስለነበረ እኔም ተጨመርኩ። አሥሩ በሌላ ክፍል ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ የሆነው የመቶ አለቃ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ማመልከቻውና የእኔ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

"ቁጭ በል፣ መምህር። ስልክን የፈጠረው ማን ነው?"

ነገርኩት።

"አምፖልንስ?"

ነገርኩት። የማተሚያውንም ነገርኩት፤ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ጀርባዬን አቅንቼ።

"ጎበዝ። ይሄን ክብስ?"

ጣቱን በማመልከቻው ዳር ባሉት ስሞች ዙሪያ አዞረ፤ እኔ ወደ ሰንጠረዤ ተመለከትኩ።

"ለልጆቹ ሁሉ ነገር ባለቤት አለው ትላለህ፤ ለእኔ ሲሆን ይጠፋሃል? ይህ ወረቀት ራስ የለውም። እኔ ደግሞ ለበላዮቼ ራስ መላክ አለብኝ። አንድ ሰው ይበቃቸዋል። የቀሩት ቤታቸው ይገባሉ።"

"የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

ትንሽ አየኝና ከልቡ ሳቀ። "አንተ? አንተ እኮ ምሳህንም ተራ ቁጥር ሰጥተህ ነው የምትበላው! ይህን ያሰበ ሰው ደብተር ይዞ አያውቅም።"

ከእስሩ ይልቅ ይህ አናደደኝ። ትክክል መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የፈጣሪውን ስም ከጻፍኩ በነጋታው ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ እንደምመለስ ነገረኝ።

ወደ እስር ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌውን ምንም አልደበቅኳቸውም።

"አዲስ አበባ ነው የሚወስዱት?"

"አዎ።"

ያን ሳል ይዘው የሁለት ቀን የጭነት መኪና መንገድ እንደማይጨርሱት ሁለታችንም እናውቃለን።

"ሌሎቹስ ይፈታሉ?"

"ይፈታሉ ብሏል።"

"እንግዲያው ጻፈኝ። እነሱ የሚያሳድጉት ልጅ አላቸው። የእኔ ንቦች እንደሆኑ ትልልቆች ናቸው።"

እርሳሱን አንሥቼ ጻፍኩ። እጄን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር፤ ማንበብ ግን አይችሉም።

"ጻፍከኝ?"

"ጻፍኩ።"

ከጣሳው ውሃ ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ። ኮታቸውን አራግፈው ለበሱና ያሉትን ቁልፎች ቆለፉ። ከዚያ በሩን ፊት ለፊት እያዩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ ቆዩ። ሳላቸው ሲመጣ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ዋጡት።

የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ሰንጠረዤ ስህተት ነው። ስልክን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ወደ መዝገብ ቤት ወሰዱት፤ የምናውቀው መዝገቡ ያጸደቀለትን ነው። አምፖል ባለስሙ ከመምጣቱ በፊት በብዙ ሰው እጅ በርቶ ጠፍቷል። ፊደል ቀርጾ ማተምን ሩቅ ምሥራቅ ያሉ ሰዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። ስለዚህ የክቡን ፈጣሪ ልጽፍ አልችልም፤ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩትንም ሽሬያለሁ።

የመቶ አለቃው ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይህን ነው ለበላዮቼ የምልከው?"

መልስ አልጠበቀም። የራሱን ብዕር አወጣና የክሱ መዝገብ ላይ፣ ለመሪው ስም ባዶ በተተወው ቦታ፣ የእኔን ስም ጻፈ።

"ውሸት መሆኑን ታውቃለህ" አልኩት።

"አንተም ታውቃለህ። መዝገቡ ግን አያውቅም።"

በማግሥቱ አሥራ አንዱ ተፈቱ። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

"ዋሸኸኝ" አሉኝ። እጃቸውን ሳይሰጡኝ ወጡ።

እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ታሰርኩ። ስመለስ ጫካው ለባለሥልጣኑ ጸንቶ፣ ሽማግሌው ሞተው ደረስኩ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

ያ መዝገብ ግን ሥራውን አልተወም። ዛሬ መቱ ውስጥ የክቡ ማመልከቻ ፈጣሪ እየተባልኩ እተዋወቃለሁ። አንዳንዱ ይነሣልኛል፤ አንዳንዱ ሂሳቤን ይከፍልልኛል። ብዙ ዓመት ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ክብር ይጥማል። አሁን ደግሞ ስሜን ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሊጽፉት እንዳሰቡ ሰማሁ። የእሳቸውን ስም በእኔ ቦታ አልሰጣችሁም። ጻፈኝ ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ እምቢ ብዬ ዛሬ ሳልጠየቅ የመጻፍ መብት የለኝም።

እናንተ ግን ይህን ታሪክ ስታወሩ አንድ የያዮ ንብ አርቢ በሉ፤ የእኔን ስም ከታሪኩ ሰርዙልኝ።