በሶዬ ውስጥ የገባው ሻጋታ

መጀመሪያ የተለወጠው ሽንቴ ነው። ያደረ ሻይ መሰለ። ውኃ ስላልጠጣሁ ነው ብዬ ናቅሁት፤ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ከተማችንን ሮቢንስዴልን እየዞረ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ሰው መቼ ውኃ ይጠጣል? በማግስቱ ልጄ ቁርስ ላይ ትክ ብላ አየችኝና በእንግሊዝኛዋ «ዳድ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል» አለችኝ።

ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቷል። ኪኒኔን አቋርጬ አላውቅም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

ሆስፒታል አስተኙኝ። ሆዴ ተነፋ። ደሜ አልረጋ አለ። ሐኪሟ «መድኃኒት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሰፕሊመንት ወስደሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። አልዋሸሁም። ውጤቱ እየባሰ ሲሄድ ተመልሳ መጣች። «ጉበትህ ሥራ እያቆመ ነው። ስለ ንቅለ ተከላ መነጋገር አለብን።» ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እናት የሌላትን ልጅ ለማን ልተዋት? መጸለይ እንኳ አቃተኝ።

ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ከጎረቤት ከተማ ከክሪስታል ምሳ ይዛ መጣች። ሐኪሟ ፊት አንድ ብልቃጥ አወጣች። «በሶህን ይዤልሃለሁ፤ ጉበትህን የሚጠግነው እሱ ነው» አለች። ሐኪሟ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች ሩዝና አኩሪ አተር የሚያብላሉበት ሻጋታ አንቲኦክሲደንት አለው፣ ጉበት ይጠብቃል ሲባል እትዬ ስልኳ ላይ ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ ብቅል ስታበቅል የኖረች ሴት ሻጋታ ያቅታታል? ገብሱን ነክራ፣ እንደ ብቅል በጨርቅ ጠቅልላ፣ አረንጓዴ እስኪለብስ የቤቱ ማሞቂያ ሥር አስቀመጠችው። አድርቃ፣ ቆልታ፣ ፈጭታ ከበሶዬ ጋር ደባለቀችው። እኔም በየጠዋቱ ጠጣሁት። በሶን ማን መድኃኒት ይለዋል?

ሐኪሟ ብልቃጡን አነሳች። «የጃፓኖቹ ሻጋታ ተመርጦ የሚዘራ ነው፤ እሱም ቢሆን በላብራቶሪ የሚጠና እንጂ የአንተን በሽታ የሚያድን አይደለም። ይሄ ግን በራሱ የበቀለ ነው። አፍላቶክሲን የሚባል የጉበት መርዝ ሊኖረው ይችላል። መቁላትም አያጠፋውም። የጎዳህ እሱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን አሁኑኑ ይቁም።»

ይህን ለእትዬ የማስተረጉመው እኔው ነበርኩ። አሳጥሬ ነገርኳት። ቁጭ አለች።

«ገደልኩህ?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

በሶው ከቆመ በኋላ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ደሜ ውስጥ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ንቅለ ተከላውም ሳያስፈልግ ቀረ፣ ዓይኔም ነጣ፣ መጀመሪያ እስከ ኮሪደሩ፣ ኋላም በልጄ ትከሻ ተደግፌ እስከ መኪና መራመድ ቻልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሟንም ይባርክልኝ። ጉበታችሁን የምትታመሙ ወገኖቼ፣ ኪኒናችሁን አታቋርጡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ ስለ መድኃኒት ብቻ አትመልሱ፤ የምትበሉትንም የምትጠጡትንም ተናገሩ፣ ካልገባው ይዛችሁለት ሂዱ። እትዬ ያንን ብልቃጥ እዚያ ባታወጣው ኖሮ «ምንም» እያልኩ እሞት ነበር።

አሁንም ምግብ ታመጣልኛለች። እንግዳ ሳይጎርስ እጇን ወደ አፏ የማትሰድደው እህቴ፣ ዛሬ ቀድማ ራሷ ትጎርሳለች፤ ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ታጎርሰኛለች።