አውድማው ላይ ያለው ብሎክ

ቦሌ አራብሳ የገባን ሰሞን እናቴ ስለ ቤቱ ምንም አላማረረችም። መሃል ከተማ የነበረው ሰፈራችን ሲፈርስ ዕድርተኛው ተበታትኗል፤ ከፊሉ ሰሚት፣ ከፊሉ እኛ ጋ፣ የቀረው የት እንደገባ እንጃ። እሷን የሚያስጨንቃት ይሄ ነበር። «ስሞት ማን አግኝቶኝ ነው የሚቀብረኝ?» ትለኛለች፣ ደረጃውን በወጣን ቁጥር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አድጌ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከሁሉም የወደድኩት ጂኦግራፊን ስለነበር ቦታ በትክክል ከተነገረ ሰው አይጠፋም ብዬ አምን ነበር። አቅጣጫችንን አስጠናኋት፤ ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ቀኝ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ከዚያ የብሎኩ ቁጥር።

«ቁጥርማ ለእስረኛ ነው» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ የድሮ ጎረቤታችን ወንድም እዚሁ አራብሳ አረፈ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀድማኝ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ደወለችልኝ፤ «እናትሽ ምነው ቀሩ? ታመሙ እንዴ?»

ሕንፃው ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ መልክ ነው። እየሮጥኩ ስፈልጋት ሌላ ብሎክ ሥር በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ ከማናውቃቸው ባልቴት ጎን ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ፣ የኛ ለቅሶ እዚህ አይደለም እኮ» አልኳት በጆሮዋ።

«አውቄያለሁ። ያወቅኩት ግን ደረቴን ከደቃሁ በኋላ ነው። ታዲያ አልቅሼ ልሩጥ? ተቀመጪ!»

ሟቹ የባልቴቲቱ ባል ናቸው። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሳይወሰድ በፊት እዚሁ ያርሱ ነበር። ሴትዮዋ የኦሮምኛ ለዛ ባለው አማርኛቸው ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ማዞሪያውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ቁጥሩን ዘረዘርኩላቸው፤ አንዱም አልገባቸውም። በድንኳኑ በር በኩል በጣቴ ሳሳያቸው ግን ቀና አሉ።

«እንዴ! አውድማችን ላይ ናችኋ!»

ከዚያ በኋላ ዝም አላሉም። ከአውድማው በታች ጤፋቸው፣ ከጤፉ ወዲያ ክረምት እግር የሚይዘው ጥቁር አፈር፣ ከብት የሚጠጣበት ጅረት። ከብሎካችን ጀርባ በክረምቱ ውሃ ለምን እንደሚተኛ ያን ቀን ገባኝ። ሲናገሩ ግን ሕንፃዎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም፤ እኛ የምንኖረው አየር ላይ ይመስል።

እናቴ አቋረጠቻቸው። «እህቴ፣ ዕድራችሁ አዲስ ሰው ይቀበላል?»

ሴትዮዋ የድንኳኑን ጨርቅ ዳሰስ አደረጉ። «ይሄ የኪራይ ነው። የኛ ዕድርማ ገበሬው ሲበተን ቀረ። ትናንት የቀበሩልኝ የዚህ ብሎክ ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።»

ከዚያ ተነስተን የጎረቤታችንን ለቅሶ ደርሰን ተመለስን። ቤት እንደገባን ለድሮው የዕድራችን ዳኛ ደውዬ እንዳገናኛት አዘዘችኝ።

«ቤቴ ያለበትን መዝግብልኝ» አለችው ስልኩን ጨብጣ። «አውድማው ላይ ነኝ።»

«የቱ አውድማ፣ እትዬ? አራብሳ ውስጥ አውድማ አለ እንዴ?» ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

«ጠይቅ፤ ያሳዩሃል።»

አውድማውን ሊያሳዩት የሚችሉት ግን እኚያ ድንኳን ውስጥ ትተናቸው የመጣነው ባልቴት ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ልንገረው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን አልሰጠችኝም።