ሼልተር ስለሚባለው ቃልና ስለ ልጄ

ነቀምቴ ዳር፣ ተፈናቃዮች በሰፈርንበት ሜዳ፣ በእንጨትና በላስቲክ የምንሠራውን ጎጆ ሁሉም «ሼልተር» ይለዋል፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ እንግሊዝኛን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝና ያልገባኝን ቃል ዝም ብዬ አላልፍም። ከአንድ አስተማሪ መዝገበ ቃላት ተውሼ አየሁ። ትርጉሙ መጠለያ ነው። በምንጩ ሊቃውንቱ ባይስማሙም፣ ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ ያመጡታል፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ የሚቆም የወታደር ረድፍ መጠሪያ ነበር ይላሉ። ከጣሪያው በፊት ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ይህን ለልጆቼ ሳስረዳ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ምን እንዳስታወሳት አውቃለሁ።

ጊዳ አያና ሳለን መንደራችን የተመታው ረፋዱ ላይ ነው። ባለቤቴ ትንንሾቹን ይዛ ነቀምቴ ነበረች። መጀመሪያ ተኩስ ሰማን፣ ከዚያ የሣር ክዳን በእሳት ሲንጣጣ። ታላቅ ወንድሜ በረቱ ደጃፍ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ልጄን ይዤ ወደ ኦሮሞው ጎረቤቴ ቤት ሮጥኩ። እኔን ጓዳ፣ ከበቆሎ ጆንያ ኋላ ደበቀኝ፤ እሷን ከልጆቹ መካከል አቆማት።

ታጣቂዎቹ ሲደርሱ ጎረቤቴ፣ ሚስቱና ሁለት ወንድሞቹ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። አንዱ ታጣቂ በአፈሙዙ ልጄን እያመለከተ የማን እንደሆነች ጠየቀ።

«ልጄ ናት» አለ ጎረቤቴ። «በጉዲፈቻ ያሳደግኳት፣ በፈጣሪ ስም፣ ልጄ ናት።»

ታጣቂው በሰደፍ ክንዱን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሁለተኛው ምት ሚስቱን አፏ ላይ አገኛት፤ ደሟ ቀሚሷ ላይ ወረደ። አንዳቸውም ከበሩ አልተነሱም። አፈሙዙ ወደ ልጄ ግንባር ሲዞር፣ የጎረቤቴን ጋቢ ጨብጣ «አባ ኮ» አለችው፤ አባቴ ማለት ነው። ታጣቂው ምራቁን ተፍቶ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ከዚያ ቤት የመጣውን ድምፅ አልጽፈውም።

እኔ ጆንያ አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ልጆቼን «የሚዋሽ ምላስ ከሌባ እጅ አይሻልም» እያልኩ ያሳደግሁ ሰው፣ ውሸቱ እንዲታመን እየጸለይኩ ነበር። ብወጣ አስገድላት ነበር እላለሁ፤ እውነት ነው። ፈርቼም ነበር፤ ያም እውነት ነው።

በቅርቡ ጎረቤቴ ክንዱን ሊታይ ነቀምቴ መጣ። አጥንቱ ጠምሞ ገጥሟል። ከላስቲኩ ደጃፍ ተቀምጠን ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ የመጣበትን አነሳ።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ በፈጣሪ ስም ምያለሁ። መሐላዬ ሐሰት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ሽማግሌ ፊት ልጅቷን በጉዲፈቻ ስጠኝ።»

ትምህርቷን እዚሁ ትማር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን እኛ ዘንድ ትምጣ አለ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን የተረፈችልኝን እሷንም፣ ያውም ወደዚያ መንደር?

«እንደገና ቢመጡስ?» አልኩት።

«ያኔ ከበሩ ተነሳሁ?»

ልጄን ጠየቅኳት። እሄዳለሁ አለች፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም።

እሁድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በፈቃድህ ነው ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለቱን ጊዜ ወደ ልጄ ዞርኩ። በሦስተኛው «በፈቃዴ ነው» አልኩ። ልጄ ከጎኔ ተነስታ ከእሱ ጎን ተቀመጠች።