የፕሮሰሰሩ ቁጠባና የነስሩ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት ልጄ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። "አባዬ፣ ፕሮሰሰሩ ኃይል እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ነገር አጥፊው የሚሉ አሉ፤ አትንኪው የሚሉም አሉ። አንተ ምን ትላለህ?" ማጥፋቱ ለተማሪ ምን ያደርግልሻል፣ ባትሪሽን ይጨርሰዋል፣ ተይው አልኳት። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ በሐሳብ ቡታጅራ ገባሁ።

በወጣትነቴ እዚያ ከሀጂ ሸምሱ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ከፊት ፎቶ እናነሳለን፤ ጓዳ ባለው ኮምፒውተር ደግሞ መንዙማም ዘፈንም እንቀርጻለን። በርበሬ የሚሰጣበት ጥቅምት ነበር፤ ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴ ስለሆነ ቀረጻ መሃል የማያስነጥስ አልነበረም። ጓደኛዬ ነስሩ ሲዘፍን ግን መንገደኛው በር ላይ ይቆማል፣ እውነቴን ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ "ናሙና ላክ" ብሎት በደስታ ምግብ አልበላ ብሎት ሰነበተ።

ቀረጽነው። ስንሰማው በየመሃሉ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ቃሉንም ይውጠዋል። ስፈትሽ ምክንያቱ ገባኝ። ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፋታ ባገኘ ቁጥር ያሸልባል፤ ሲባንን ድምፁ ይዘላል። ለሌላው ሥራ ግድ የለም፣ ለቀረጻ ግን መጥፋት አለበት። ሀጂን ፈቃድ ጠየቅኳቸው።

"ምኑን ነው የምታጠፋው?"

"ቁጠባውን ነው ሀጂ፤ የኃይል ቁጠባውን።"

"አስተግፊሩላህ! ከኔ ቤት ቁጠባ ይጥፋ? እኔ በምን ያደግኩ መሰለህ? ነክተህ ባገኝህ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!"

ባስረዳቸው፣ ብለምናቸው፣ ማን ሊሰማኝ! ነስሩም አሳታሚው እየጠበቀኝ ነው ብሎ ሲዲውን እንዳለ በሚኒባስ ላከው።

መልሱ በስልክ መጣ። አሳታሚው "ድምፁ ይቆራረጣል" ብሎ ዘጋው።

የምኑ ድምፅ? የቀረጻው ወይስ የዘፋኙ? አማርኛችን ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው። ነስሩ ጉሮሮውን ያዘ።

"ማሽኑ ነው እኮ! ጠቅ ጠቅታውን አብረን አልሰማንም?" አልኩት።

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ሰውየው የሚለው ሌላ ነው። ተው ተካ፣ አታጽናናኝ።"

ሌላ ቦታ እናስቀርጽ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። ሀጂ "ኸይር ነው፣ ንግድ ይሻለዋል" ብለው ሻያቸውን ጠጡ። የዚያን ቀን እንደጠላኋቸው ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ዛሬ ነስሩ ቡታጅራ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ኑሮው ደህና ነው። እኔ ወልቂጤ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ቀረጻ የሚሠሩ ሲመጡ ቁጠባውን አጠፋላቸዋለሁ። ደቂቃ አይፈጅም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የሰው ዕድሜ የበላው ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ዘንድሮ በነስሩ ወንድም ልጅ ሰርግ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ጭፈራው ሲሞቅ ወጣቶቹ ማይክሮፎን ይዘው መጡና "ጋሼ ነስሩ፣ እስቲ አንድ በሉልን" አሉት። ፈገግ ብሎ "እኔ እኮ ድምፅ የለኝም" አላቸው። ሰምተውት አያውቁምና እውነት መሰላቸው፤ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰጡ።