ፊት እስኪጠፋ

ሰው ሁሉ የመኪና ቀለም ቀቢ ሥራው መቀባት ይመስለዋል። መቀባቱ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። ሥራው ማሸት ነው። እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ ማሸት። ሠላሳ ዓመት አሽቻለሁ። ቦንጋ ውስጥ በእጄ ያላለፈ አሮጌ መኪና ጥቂት ነው ብል ጉራ አይደለም፣ ድካም ነው። ቀኝ ትከሻዬ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ከማለቁ የተነሳ ለዲጂታል መታወቂያ ስመዘገብ አሻራዬ አልነበብ ብሎ መዝጋቢዋን ልጅ አስመርሬያታለሁ።

ከሚታሸው ሁሉ ክፉው ኒኬል ነው። የሚያብረቀርቀውን የመኪና ጌጥ እኛ ጋ ኒኬል እንለዋለን፤ የፊቱን ፍርግርግ፣ የመስታወቶቹን ሽፋን፣ የበር እጀታዎቹን፣ የኋላ በር ላይ የሚጋደመውን ሰፊ ጌጥ። ብረት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩን ብቻ ነው ብረት መሳይ ነገር ያለበሱት። ቀለም አይወድም። እንዲሁ ብትቀባው ለጊዜው እሺ ብሎ ይቀበልና ውሎ አድሮ ይተፋዋል። በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ መልቀቅ አለበት፤ ከዚያ ያ ብልጭታው እስኪሞት መታሸት አለበት፤ ቀለም አስያዡ ፕራይመርም ቀለሙም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጅማ ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ለዚህ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ፊትህን እያየህበት እሸው፤ ፊትህ ሲጠፋ አቁም» ይሉኝ ነበር። ሌላ መለኪያ የለውም። የመኪናውን አካል ጎድጓዳ መሙያ ስቱኮ ስለጥፍበት የማየው በመዳፌ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜም ጉድባውን አገኘዋለሁ። ኒኬል ግን ውሃ ነክቶት ስትዳስሰው የታሸውም ያልታሸውም ያው ያዳልጣል። የሚለየው ዓይን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የሚኒባስ ባለቤት መጣ። ከቦንጋ ቢታ ገነት የሚመላለስ ሰው ነው። ሚኒባሷን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆነው ነበር የገዟት፤ እየተፈራረቁ ይነዷት ነበር። ወንድሙ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ጥቁር በጥቁር ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ፣ መኪናዋ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህችን ነገር ጥቁር ያድርጉልኝ» አለኝ፣ ፍርግርጉን እያሳየኝ።

ወጣቶቹ ለፋሽን ጥቁር ሲያስደርጉ አይቻለሁና ለሱም ያው መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ግን አፈርኩ።

«ለቅሶ ቤቱ በር ላይ አቁሜያት ነበር። ስወጣ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። እኔ ጥቁር ለብሼ እሷ እንዴት ትስቃለች? እስከ ሙት ዓመቱ ይያዝልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ግን ገባኝ። «ዓመት ይይዛል» አልኩት። ቃል ሰጠሁት ማለት ነው።

ጌጣጌጡን በሙሉ ፈትቼ የሥራ ቦታዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዘረጋሁት፤ ዘጠኝ ቁራጭ ነበር። ያን ሰሞን ጉሙ አልነሳ ብሎ አማርሮኝ ነበር። እንዲያውም ሁለት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ ጉሙ በዛ» ስል ነው የከረምኩት፤ የነገርኩት ሰውም ሁሉ «እውነትህን ነው» ይለኛል። ቦንጋ ላይ ጉም በዛ ብሎ የተሳሳተ ሰው የለም። ብቻ ማሸት ጀመርኩ። የገረመኝ፣ ሥራው ቀለለኝ። ሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ፍርግርግ ገና ጥቂት እንደነካሁት ፊቴ ጠፋበት። እጄ ገና አላረጀም ብዬ ለራሴ ተደሰትኩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ፕራይመሩን ነፋሁ፣ በማግስቱ ጥቁሩን ደገምኩበት። ሰውየው አይቶ ሁለት እጄን ይዞ አመሰገነኝ።

አርባው ሳይደርስ ተላጠ። መናኸሪያ ውስጥ ሌሎቹ ሾፌሮች «ሐዘኑ ቶሎ ለቀቀህ» ብለው ተሳለቁበት። በአርባው ዕለትም ሚኒባሷ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆማ በግማሽ ጥርሷ ስትስቅ ዋለች። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ተቆጪው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ዝናቡን ሰደብኩ። ከዚያ መኪናዋን ያጠባትን ሰው፣ ከዚያ የቢታን መንገድ ኮረት። በመጨረሻ ቀለም የሚሸጡልኝ ሐጂ ሱቅ ሄጄ ሰው እየሰማ «ሐጂ፣ የሸጡልኝ ቀለም አይደለም፣ ውሃ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ልጄ፣ ያው የምናውቀው ቀለም ነው» ብለው ዘጉት። ሰላም ሳልላቸው ወጣሁ።

ድጋሚ አሸሁ። ፊቴ አሁንም ቶሎ ጠፋ። ቀለሙን ወፈር አድርጌ ደረብኩበት፤ ይህም አልጠቀመም። ሰማንያው ሳይደርስ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሙሉ ለሙሉ እየተገሸለጠ ወደቀ። ሰውየው አንዱን ልጣጭ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አቀርቅሮ፣

«ጋሼ፣ ካልቻሉ ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው ጋ እወስዳታለሁ» አለኝ።

ስድብ ችዬ አውቃለሁ። ይህን ግን አልቻልኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ያወቅሁት ሥራ ይኸው አንዱ ነው፤ እሱን ካልቻልኩ ሌላ የምችለው ነገር የለኝም። «አንድ ጊዜ ብቻ ጨምርልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ና» አልኩት። ከሄደ በኋላ እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሬ አሸሁ። ባለቤቴ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቢሮ ስለሌላት ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ነፋሱ ሻሿን አጣሞባት ኖሯል። ሳህኑን አስቀመጠችና ካለቁት ቁራጮች መሃል የኋላ በሩን ሰፊ ጌጥ አነሳች። ፊት ለፊቷ ይዛ ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ሻሼን እያስተካከልኩ ነዋ።»

«በምኑ?»

«በዚህ። ምነው፣ ቆሻሻ ነኝ እንዴ፣ በመስታወትህ አልታይ?»

እጄ ላይ የነበረው የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ወደቀ። ጌጡን ያለቀ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ከእጇ መንጠቅ በሚባል አኳኋን ወሰድኩትና አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁት። ምንም የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ፊቴ የለም።

«ብርሃኑ መጥፎ ነው» አልኩ።

«ብርሃኑ ምን ሆነ? ፀሐይ ናት እኮ።»

እውነትም ለስንት ቀን ያጣናት ፀሐይ ወጥታ ጀርባዬን እያሞቀችኝ ነበር። ባለቤቴ ጌጡን መልሳ ተቀበለችኝና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የጎደለ ገጽ ሳይነገረው ያገኛል።

«ባለፈው የገበያው መንገድ ላይ አልፈኸኝ ሄድክ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ፊት ለፊት ነበርን። ጠዋት በጨው ተነታርከን ስለነበር ኩርፊያ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ። ኩርፊያ አልነበረም?»

አልነበረም። ጨውንም ረስቼው ነበር። ጎረቤቶቼን በድምፃቸው መለየት ከጀመርኩ፣ ማታ የባጃጅ መብራት እንደ ጸጉር እየተበተነ ሲመጣብኝ ዳር መያዝ ከለመድኩ ስንት ጊዜዬ። ሁሉንም ጉሙ ላይ ነበር የምደፈድፈው።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች። «የጎረቤታችንን እናት ጅማ ገፈፉላቸው አይደል?»

«ጅማ የምሄድበት ጊዜ የለኝም» አልኩ። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። የማየውን ትንሽ ነገር ደግሞ ለማላውቀው ሰው ምላጭ አልሰጥም ብዬ ነው። ዓይኔ አለቀ ካሉኝስ? ጭምጭምታው መናኸሪያ ከደረሰ ማን መኪናውን ያምነኛል?

አልተከራከረችኝም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስላት ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና ጌጡን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ «እሸው፣ እኔ አይልሃለሁ» አለች። እንዲሁ ጀመርን። እኔ አሻለሁ፣ እሷ ውሃውን በጨርቅ እየጠረገች ትመለከታለች።

«አለሁ» ትላለች። እንደገና አሻለሁ። «አሁንም አለሁ።»

ዘጠኙንም ቁራጭ ከመጀመሪያው ጀመርን። ምሳው ቀዘቀዘ። ትከሻዬ ሲነድ ቆየና ደነዘዘ። ያን ያህል መታሸት እንደነበረበት፣ ሁለት ጊዜ ምን ያህል አጭበርብሬ እንደሰጠሁት የገባኝ ያኔ ነው። ማጭበርበሬን አለማወቄ አላጽናናኝም። «አገጬ ጠፍቷል፣ ግንባሬ ግን አለ» ስትለኝ ሳቅኩ።

አንድ ቁራጭ ሲቀረን የሚኒባሷ ባለቤት መጣ። ባለቤቴን ጭቃ በጭቃ ሆና ሲያያት ሰላምታው አፉ ላይ ቀረ። መናገር ነበረብኝ።

«ቀለሙ አይደለም የተላጠብህ» አልኩት። «ዝናቡም አይደለም። ዓይኔ ነው። ሳላሸው ያሸሁት እየመሰለኝ ነው የቀባሁልህ።»

ተቆጥቶ መኪናዋን ይወስዳል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ የታሸውን ፍርግርግ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ታዲያ ዝናቡን ያን ሁሉ ለምን ሰደቡት?» አለኝ በመጨረሻ። ጺሙ ውስጥ ፈገግታ የነበረ ይመስለኛል፤ በድምፁ ነው የገመትኩት። «ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ቀለሙ ሙት ዓመቱን አልፎ እስካሁን ይዟል። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ አያታለሁ፤ አፏን ገጥማ ቆማለች። ሐጂንም ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ ያን ቀን የሰደብኳቸውን ያህል ጮክ ብዬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ያን ቅዳሜ የቀረችን የመጨረሻዋ ቁራጭ ያቺው ባለቤቴ ሻሿን ያየችባት ሰፊዋ ጌጥ ነበረች። ፀሐይዋ ወደ ጫካው ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ሁለታችንም ደክሞናል፤ ወሬ አቁመናል።

«አለሁ» አለች።

አሸሁ።

«አለሁ፤ ግን ደብዝዣለሁ።»

ወረቀቱን ቀይሬ አሸሁ። ውሃውን ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ወደ ብርሃኑም አዘንብላ አየች።

«ጠፋሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። መሃላችን ክንድ አይሞላም። ሻሿ ቀይ መሆኑን አየሁ። ከሻሹ በታች ያለውን ግን የሚያውቀው ትዝታዬ ነበር እንጂ ዓይኔ አልነበረም። ትሳቅ፣ ታልቅስ፣ ደክሟት ትፍዘዝ፣ መለየት አልቻልኩም። ስንት ጊዜ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ሳላይ እንደቀረሁ ሳስበው፣ ምላጩን የፈራሁትን ያህል ይህን አለመፍራቴ አሳፈረኝ።

«ምነው አፍጥጠህ ቀረህ?» አለችኝ።

«ሰኞ ፈቃድ ጠይቂ» አልኳት። «መኪናዋን ካስረከብኩ በኋላ ጅማ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»