እንደ ዘይነብ መሄድ

«እንደ ዘይነብ መሄድ ማለት ነው!»

ዛሬ ዐማራት ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ መዳም ትንሿን ልጇን እንግሊዝኛ ስታስጠና «ሆብል ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ የመለሰችው ይህን ነው። ብድግ ብላም እያነከሰች አሳየቻት።

ዘይነብ እኔው ነኝ። ወላሂ፣ ክው አልኩ!

ከደረጃ ከወደቅኩ ሳምንት ሆኖኛል። መዳም ፊት ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ የማነክሰው ማድ ቤት ስገባ ነው። ልጅቷ ለካ ስታየኝ ሰንብታለች።

መዳም ደነገጠች። «መስኪና! እስኪሻልሽ ከቤት አትወጪም፤ ጁምዓም ቢሆን» አለችኝ።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር እህቴ ጋ ያለችውን ልጄን የማያት በጁምዓ ብቻ ነው። የደበቅኩትም ይህንኑ ፈርቼ ነበር።

ደረጃ መውጣትና መውረዱ ግን አልተከለከለም። ልብስ የሚሰጣው ጣራ ላይ ነዋ!

ልጅቷ የሆብልን ሁለተኛ ትርጉም ከመዝገበ ቃላቱ አነበበች፦ ግመል ርቆ እንዳይሄድ የፊት እግሮቹን ማሰር። «ለዚህስ ምሳሌ ምን ልበል?» አለች።

መዳም አሰብ አድርጋ፣ «እኛ ቤት ግመል የለም» አለቻት።

እኔ እርጥቡን ልብስ ተሸክሜ ወደ ጣራ ወጣሁ።

እህቶቼ፣ እናንተስ ማን ፊት ነው ሳታነክሱ የምትሄዱት?