ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየው ዴክ

ታላቅ ወንድሜ ለእናታችን ሰፊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሳሎን ሰቀለላት። የድሮው ዴካችን ግን አልሆነውም፤ ምስሉን መሃል ላይ ሰብስቦ ግራና ቀኙን ጥቁር ያደርገዋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ልንመርጥ ፒያሳ ወረድን፤ ወንድሜ፣ እኔና የእህታችን ባል። አማቻችንን ያስከተልነው መተማ እየተመላለሰ ስለሚነግድ ዕቃ ያውቃል ብለን ነው።

ለመሞከሪያ ወንድሜ የእህታችንን የሰርግ ዲስክ ይዞ ነበር። ሰርጉ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዲስኩን ደግመን ደጋግመን አይተነዋል።

ሻጩ የመጀመሪያውን ዴክ ሲሰካው ሙሽራዋ ወደ ጎን ተለጥጣ ድፎ ዳቦ መሰለች። አማቻችን ሳቀ።

«ይሄ ለሰፊው አይሆንም። ሌላ አምጣ።»

ሻጩ ሁለተኛውን ሰካ። «ይሄኛው የተቀረፀውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያወጣዋል» አለ። «የድሮዎቹ ዳርና ዳሩን ይቆርጡታል።»

በምስሉ ላይ ሴቶቹ እየጨፈሩ ነው። እናታችን መሃል ላይ ታጨበጭባለች። በቀኝ በኩል፣ እስከዚያ ቀን አይተነው በማናውቀው ጠርዝ፣ እህታችን ከባሏ ጋር መጋረጃው ሥር ቆማለች። የሆነ ነገር አለችው። በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ጭንቅላቷ ከግድግዳው ተጋጨ። ከንፈሯን በሻሿ ጠረገችና ካሜራው ሲዞርባት ፈገግ አለች። ፈገግታዋን እናውቀዋለን፤ እናታችን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች።

«መልሰው» አለ ወንድሜ።

ሻጩ መለሰው። ደግመን አየነው።

«ወላሂ ጨዋታ ነበር» አለ አማቻችን።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ዴክ ከነገመዱ አንስቶ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁ። አማቻችን ወደ በሩ ሲሮጥ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት ክንዶቹን ከኋላ ቆልፌ ያዝኩ፤ ወንድሜ ደጋግሞ መታው። የመስታወት መደርደሪያው ረገፈ። ሻጩ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ወደ መንገድ ወጣ። ወንድሜ አንዴ ትንፋሽ ሊወስድ ቆሞ ነበር፤ ያኔ መልቀቅ እችል ነበር። አጥብቄ ያዝኩ። ሰውየው ክንዴ ላይ ደም እየተፋ «በቃኝ፣ በቃኝ» ይል ነበር። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ፖሊስ ጣቢያ እህታችን መጣች። ልታቅፈኝ መስሎኝ ብነሳ በጥፊ አጮለችኝ።

«ምነው ዛሬ? ዓይኔ አብጦ ስመጣ፣ በር መታኝ ስላችሁ አላያችሁኝም? ኮሶዬ ለሽርሽር የሄድን ዕለት፣ ክንዴን አስሬ በግራ እጄ ስበላ፣ ‹መቼም መውደቅ ታውቅበታለች› ብለህ የሳቅከው አንተ አይደለህም?»

«አላወቅንም» አለ ወንድሜ።

«ቴሌቪዥን ካልነገራችሁ አታውቁም?»

አማቻችን ግራ ዓይኑ ጠፋ። ወንድሜ ተፈርዶበት ታሰረ። ሻጩ እኔ ልገላግል የያዝኩ መስሎት መሰከረልኝ፤ አላረምኩትም።

የእህታችን ኒካህ ቃዲው ዘንድ ፈረሰ። ቆላ ድባ ወርዳ እህል መነገድ ያዘች። ለወንድማችን በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትመጣ ነበር፤ እኔን ግን ቤቷ አትጠራኝም። አንድ ቀን ራሴ ሄድኩ። ሱቋ ደጃፍ ላይ ጆንያ ትሰፋ ነበር።

«ይዘኸው ነበር ወይስ ልትገላግል ነበር?» አለችኝ።

«ይዤው ነበር።»

«ለዳኛውስ ምን አልክ?»

እግሯ ሥር የወደቀውን ክር አንስቼ አቀበልኳት።

«እሱም እንዲህ ነበር» አለች። «ቤት ሌላ፣ ሰው ፊት ሌላ።»

ግባ አላለችኝም። ወደ መናኸሪያው ተመለስኩ።